የአዲስ አበባ ጉዞ፦ «ነጻ» ማደሪያውን ማን ይከፍለዋል?



የዝንጅብል ገንዘብ እጅ ሲገባ ከሀደሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ይበዛል። አንዱ በሽተኛ ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ አንዱ ዕቃ ሊያመጣ ወደ መርካቶ፣ አንዱ ለሥራ ፈተና። እኔም ለመድረሳችን ልጆች ቁርኣንና ኪታብ ለመግዛት በዓመት አንድ ሁለቴ አንዋር መስጂድ አካባቢ ብቅ እላለሁ። ለዚህም ይመስለኛል ከዒሻእ ሶላት በኋላ ወጣቶች ቀርበው «ኡስታዝ፣ ለአዲስ አበባ ስንት ብር ይበቃኛል?» የሚሉኝ።

ቁርጥ ያለ ዋጋ ብነግራችሁ ቶሎ ያረጃል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀያይሯል። ዝንጅብሉም ቢሆን በ2004 ገደማ አጠውላጊ በሽታ ከመታው በኋላ እንደ ድሮው የሚተማመኑበት አልሆነም። ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ አመዳደቡን እንይ።

ጉዞው በሦስት ደረጃ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ዘመድ ቤት ማረፍና በሚኒባስ ወይም በከተማ አውቶቡስ መንቀሳቀስ ነው።

ሁለተኛው ፔንሲዮን ውስጥ አልጋ ይዞ ሙስሊም ምግብ ቤት መብላት ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ የክፍሉን ኪራይ ትካፈላላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ መክረዋል (አቡ ዳውድ ዘግበውታል)። አሚሩ የጋራ ገንዘቡንም ቢይዝ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሆቴል አርፎ ራይድ ወይም ፈረስ እየጠሩ መሄድ ነው። ይህ ሁልጊዜ ቅንጦት አይደለም። የታመመች እናቱን ይዞ ለሄደ ሰው ሦስት ታክሲ ከማቀያየር አንድ ራይድ መጥራት ይሻላል።

በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ አላህ የሚያወድሳቸው ባሮቹ ሲለግሱ የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡም፣ በመካከል ያሉ ናቸው። መካከሉ ደግሞ እንደ አቅማችንና እንደ ጉዳያችን ይለያያል።

የትኛውንም ደረጃ ብትመርጡ ገንዘቡን ከቤት ሳትወጡ ከፋፍሉት። ለስሌት ያህል 6,000 ብር አላችሁ እንበል። መጀመሪያ የደርሶ መልሱን ትራንስፖርት አውጡ፤ ከሀደሮ ሆሳዕና፣ ከዚያ በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ አዲስ አበባ ነው። 2,400 ቢሆን፣ የመመለሻው ግማሽ ቴሌብር ላይ ይቀመጥ እንጂ ኪስ ውስጥ አይዙር። ቀጥሎ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን፣ 600 ብር፣ ለድንገተኛ ነገር አስቀምጡና እንደሌለ ቁጠሩት። 3,000 ይቀራል። ጉዳያችሁ የሁለት ቀን ቢሆንም ለሦስት አካፍሉት፤ «ነገ ተመለሱ» መባል ያለ ነው። በቀን 1,000 ብር ደረሳችሁ። አሁን የትኛው ደረጃ እንደሚያዋጣችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

የሰው አማና ከያዛችሁ ከራሳችሁ ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉት። እኔ የመድረሳውን ገንዘብ በሌላ ፖስታ ነው የምይዘው፤ ቢርበኝም ያንን ፖስታ አልከፍተውም።

አሁን ወደ አንደኛው ደረጃ ልመለስ። አብዛኞቻችን የምንመርጠው እሱን ነው፤ ምክንያቱም «ነጻ ነው» እንላለን።

መርካቶ በተሸካሚነት የሚሠራ የሀደሮ ልጅ አውቃለሁ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እንግዳ ሲመጣ ፍራሹን ለቆ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ምሳም እራትም የሚጋብዘው እሱ ነው፤ እንግዳውን መርካቶ ለማዞር ሲል የግማሽ ቀን ሥራ ይቀርበታል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እንዲህ አለኝ፦ «እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ የአገሬ ልጅ ነው። ግን ያን ሳምንት ለእማዬ የምልከው ይቀራል።»

እናቱን አውቃቸዋለሁ። የሚኖሩት እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። በነጻ አደርን ያልነውን ሌሊት የከፈሉት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ልጃቸው አይናገርም፤ እሳቸውም ለምን እንደቀረባቸው አያውቁም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ እንደሚሆን፣ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ መቆየት እንደማይፈቀድለት ተነግሯል። ለእንግዳ ተቀባዩ ብዙ ዳዕዋ አድርገናል፤ እንግዳውም ድርሻ እንዳለበት ግን እምብዛም አናነሳም።

ዝምድናን መጠየቅ ትልቅ ዒባዳ ነውና ዘመድ ቤት አትሂዱ አልልም። ሂዱ፤ ግን በጀት ያዙለት። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ይመቸው እንደሆነ ጠይቁ። ከቤት ቡላ ወይም ቆጮ ያዙ። ለአልጋ ትከፍሉት ከነበረው ቢያንስ ግማሹን ለአስቤዛ ብላችሁ ስጡት፤ እምቢ ካለ ስትመለሱ ለእናቱ አድርሱለት። በሦስተኛው ቀን ጉዳያችሁ ካላለቀ አልጋ ፈልጉ። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ያኔ የሚሰጣችሁ ወዶና አውቆ ይሆናል።

አላህ ጉዟችንን የሰላም፣ ወጪያችንን የሐላል ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።