አሥር ኪሎ በአሥር ቀን?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአሊ አዴም በሆልሆልም ካምፕ ያላችሁ እናቶችና እህቶች ሳትሰሙት የማትቀሩት ነው። እዚህ ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ «ውፍረት መቀነሻ»፣ «ቦርጭ ማጥፊያ» እየተባለ የሚሸጥ ኪኒን፣ ሻይና ዱቄት በዝቷል። ማስታወቂያው በስልክ ይዞራል፤ ዕቃው ደግሞ ዘመድ ሊጠይቅ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ካምፕ ድረስ ይገባል። ሐኪም አላዘዘው፣ ጠያቂ የለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ማስታወቂያን ለመመርመር ግን ማባዛትና ማካፈል ብዙ ያግዛል።

ክብደት መቀነስ መፈለግን አልነቅፍም። ስኳር ወይም ግፊት ያለባት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ «ትንሽ ቀንሺ» የተባለች ሴት ብዙ ናት። ችግሩ ይህን ጭንቀት አይቶ የሚመጣው ነጋዴ ነው። የሚናገረው ነገር ደግሞ ከአራት አይበልጥም።

የመጀመሪያው «በ10 ቀን 10 ኪሎ ትቀንሻለሽ» ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎካሎሪ ያህል ጉልበት ይይዛል። ራሽን ሲታሰብ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎካሎሪ እንደሚባል ሰምታችኋል፤ የሚታደለው ከዚያ ቢያንስም፣ ሰው በአማካይ በቀን ያስፈልገዋል የሚባለው ያ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት ምንም እህል ሳትቀምስ ብትውል ብታድር፣ ሰውነቷ ያን 2,100 በሙሉ ከስቧ ቢወስድ እንኳ፣ በቀን የምትቀንሰው ስብ 300 ግራም አይሞላም። በ10 ቀን 3 ኪሎ አይደርስም ማለት ነው። እየበላች 10 ኪሎ ስብ ከየት ይጠፋል?

«ኧረ ሚዛኑ ቀንሷል!» የምትል አትጠፋም። ልክ ነው፤ የጠፋው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሰነመኪን የመሰለ ሆድ የሚያስኬድ ቅጠል አለባቸው። ተቅማጥ ውሃና ጨው ያወጣል እንጂ ስብ አያቀልጥም፤ ውሃ ሲጠጡ ኪሎው ይመለሳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ በጋ ውሃን ከሰውነት ማስወጣት ደግሞ ራስን መሳትና ኩላሊትን መጉዳት ያመጣል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ለምትወስድም ኃይለኛ ተቅማጥ ኪኒኑን ሳይሠራ ሊያስወጣባት ይችላል።

ሁለተኛው «ከዕፅዋት ብቻ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነው። እንዴ! ኮሶስ ከዛፍ አይደለም? እናቶቻችን ኮሶን ለትል ሲጠጡ መጠኑን ይጠነቀቁ ነበር፤ ሲበዛ ሰው እንደሚገድል ያውቃሉና። ከዚህ የባሰው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ነበር፤ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ዕፅዋት ብቻ» ተብለው በሚሸጡ ብዙ ኪኒኖች ውስጥ ተደብቆ አግኝቶታል።

አንዲት ጎረቤቴ ሰው ቤት በተመላላሽነት ትሠራለች። ለልጇ ደብተርና ጫማ ካስቀመጠችው ላይ 4,000 ፍራንክ አውጥታ አንድ ካርቶን ገዛች። በሦስተኛው ቀን ልቧ እየደለቀ፣ እንቅልፍ አጥታ መጣችና ጽሑፉን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከፊት ለፊት በትልቁ ቀጭን ወገብ ተሥሏል። ከጀርባው፣ በደቃቅ ፈረንሳይኛ፣ ይህ መድኃኒት አለመሆኑ፣ ከተመጣጠነ ምግብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር መወሰድ እንዳለበት ተጽፏል። ታዲያ አመጋገቡንና እንቅስቃሴውን እኛው የምናደርገው ከሆነ ኪኒኑ ምን ሠራ? የሰጠኋት ምክር አንድ ነበር፦ አቁሚ፣ ካርቶኑን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሄደች፣ ተሻላትም። ፍራንኩን የመለሰላት ግን የለም።

ሦስተኛው «በጥናት ተረጋግጧል» ነው። በዚህ የእኛው ቡና ሳይቀር መነገጃ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያልተቆላ ቡና ጭማቂ ያከሳል የሚል ጥናት ወጣ። ታዋቂው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሐኪም መሕመት ኦዝ በፕሮግራሙ አወደሰው፤ ኪኒኑም በገፍ ተሸጠ። ጥናቱ የተደረገው ግን በ16 ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሰዎቹ ክብደትና ሌሎች ቁጥሮች እየተቀያየሩ እንደተጻፉ ገለጸ፤ ጥናቱን ያሠራው ኩባንያ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጥናቱም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። ስለዚህ «ጥናት» ሲባል፦ ማን አጠና? ስንት ሰው ላይ? ገንዘቡን የሰጠውስ ሻጩ ነው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛው ምስክር ነው፦ «እከሊት ወስዳ ከሳች»። መቼ ነው የወሰደችው? በዓቢይ ጾም ወይስ በረመዳን? ራሽን ባነሰበት ወር ነው? ወይስ ኪኒኑን ስትጀምር ስኳርና ዘይትም ቀንሳለች? ሁለት ነገር አብሮ ከመጣ አንዱን ብቻ ማመስገን አይቻልም። ኪኒኑን ወስደው ያልከሱት ደግሞ ፎቷቸው አይለጠፍም።

አሁን ደግሞ ነፃውን ስሌት ላካፍላችሁ። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ኪሎካሎሪ ያህል ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ብንጠጣ 15 ማንኪያ፣ 240 ኪሎካሎሪ ይሆናል። በ30 ቀን 7,200፤ ማለትም ወደ አንድ ኪሎ ስብ የሚጠጋ። ሰውነት እንደ ደብተር በትክክል አይሠራም፤ ግን መንገዱ ይሄ ነው፤ ቀስ ያለና ፍራንክ የማያስወጣ። ይህም ቢሆን ትርፍ ክብደት ላላት እንጂ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ ወይም ለከሳች እናት አይደለም።

ኪኒን የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ልብ ካስደለቀ፣ እንቅልፍ ከነሣ፣ ካዞረ ወይም ዐይን ቢጫ ካደረገ ዛሬውኑ አቁሙ። ካርቶኑን አትጣሉት፤ ለጤና ባለሙያው አሳዩት። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ሳታማክሩ ምንም አትጨምሩበት። ሻጩ ሲመጣ ደግሞ እርሳስና ወረቀት አውጡና አብራችሁት አስሉ።

ጤናውን ይስጠን።