የወረ ሼህ ቤት በደብረ ታቦር፦ የአንድ መሳፍንት ቤተሰብ ይዞታና ሕንጻዎች

በኢጣሊያ ገጠር የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ታሪክ በአብዛኛው ከሕንጻው ይጀምራል። የድንጋዩ ቤትና በዙሪያው ያለው እርሻ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ፣ የቤተሰቡ አርማም በበሩ ላይ ተቀርጾ ይኖራል። በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ አጥኚ ግን የሚለካው ግንብ አያገኝም።

ከተማዪቱን የቆረቆሩት ከየጁው የወረ ሼህ ቤተሰብ የሆኑት ራስ ጉግሣ መርሱ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ፣ ከ1823 ዓ.ም. ጀምሮም የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ አሉላ ሥልጣኑን ያዙ። ነገሥታቱ በጎንደር ግንቦች ውስጥ በስም ብቻ ሲቀመጡ፣ የአገሩ ትእዛዝ ይወጣ የነበረው ከጉና ተራራ አጠገብ ካለችው ከዚህች ደጋ ነበር።

ይህን ያህል ኃያል የነበረ ቤተሰብ መኖሪያ ስለ ምን አልቀረም? መልሱ በከፊል በይዞታው ዓይነት ውስጥ ይገኛል። ለሹም የሚሰጥ ጉልት ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት እንጂ መሬቱን የግል ሀብት የማድረግ መብት አልነበረም፤ ከሹመት ጋር ይመጣል፣ ከሹመት ጋር ይሄዳል። ሹመቱም በአንድ ቀን ጦርነት ይለዋወጥ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ድል አድርገው ግብር ላይ ሳሉ ተያዙ። በ1845 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ዓሊ በአይሻል በአማቻቸው በካሳ ኃይሉ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን አጡ። አማቹ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲያመሩ ከተማዪቱን አቃጠሏት።

ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት ግን ሰጪው ከተሻረ በኋላም የመዝለቅ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ራስ ዓሊ እንዳሠሯቸው የሚነገርላቸው ኢየሱስ፣ እናቲቱ ማርያም፣ ልጂቱ ማርያምና ጥጉር ሚካኤል ዛሬም በስማቸው ሲጠሩ፣ ከእነርሱ ጋር የተሠራው የራስ ዓሊ ቤተ መንግሥት ግን ጠፍቷል።

ቤተሰቡም የቀጠለው በጋብቻ ነው። የራስ ጉግሣ ልጅ ወይዘሮ ሂሩት ደጃዝማች ብጡልን ወለዱ፤ ብጡል የራስ ወሌና የእቴጌ ጣይቱ አባት ናቸው። የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው ሲገዙ፣ የቆርቋሪው አራተኛ ትውልድ ወደ ቀድሞው መቀመጫ ተመለሰ ማለት ነው። እርሳቸውም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ።

ስለዚህ የዚህ ይዞታ ታሪክ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናቱ የመሬት መዝገብና በሽማግሌዎች የትውልድ ቆጠራ ውስጥ ነው። መዝገቡ በዕቃ ቤት ሊቆይ ይችላል፤ ቆጠራው ግን ከቆጣሪው ጋር ያልፋልና ቀድሞ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው።