ውሃም ይነበባል፤ ከአሸተን ማርያም ግርጌ

በኅዳር ወር ወደ ላስታ ሄደን ነበር። ያየነውንና የሰማነውን እንንገራችሁ።

ከላሊበላ ከተማ የተነሣነው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ላሊበላ ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናቷ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እኛ ግን የምንሄደው ከዚያም በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም ነው።

መንገዱ አቀበት ነው። ለእግረኛ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጉልበቱ የደከመ በበቅሎ ይወጣል። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ መንገዱ በአለት መካከል ይጠባል። ከዚያ ወደ ገደሉ አፋፍ ያወጣል። የአሸተን ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗም ከአለት የተፈለፈለች ናት። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ አሠሯት ይባላል። ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ ላሊበላ እንደ መዳፍ ተዘርግታ ትታያለች። ሽቅብ ሲያዩ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ያልፋል።

መንገድ ያሳዩን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እኛ ከኋላ እናለከልካለን።

ስንመለስ ከተራራው ግርጌ አንዲት ጅረት አገኘን። ጥልቀቷ ከጉልበት አይበልጥም። ስፋቷንም ልጅ ይዘላታል። ቁጭ ብለን ከውሃው ውስጥ ድንጋይ እያነሣን ማገላበጥ ጀመርን። ሽማግሌው ገረማቸው።

«ልጆቼ፣ እዚህ አገር የሚመጣ ሁሉ የሚያየው አለቱን ነው። እናንተ ከጠጠር ሥር ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።

«ውሃዋን እያነበብናት ነው፣ አባታችን» አልናቸው።

«ውሃም ይነበባል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

አዎን፣ ይነበባል። እኛም የተማርነው ከዓሣ አጥማጅ ነው። ነገሩ ከባሌ ይጀምራል።

የባሌው ዓሣ

ከላስታ በፊት ወደ ባሌ ተጉዘን ነበር። በዚያ ዲንሾ የምትባል ከተማ አለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው። በአካባቢው ወይብና ደንካ የሚባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ይፈስሳሉ። በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖራል።

ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ኬንያም ከሌላ አገር ነው ያመጣችው። ሁለት ዓይነት ነው። ቡናማው ትራውት ዘሩ ከአውሮፓ ነው። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዘሩ ከሰሜን አሜሪካ ነው። በጎኑ ላይ ቀላ ያለ መስመር ተሥሎበታል።

ይህ ዓሣ ቅምጥል ነው። ሙቅ ውሃ አይወድም። ድፍርስ ውሃ አይስማማውም። እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር መካከል ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ትራውት የሚረባው ቀዝቃዛና ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ነው።

አጠማመዱም ለየት ያለ ነው። ትል አይሰካም፣ መረብም አይጣልም። በትንሽ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በክር ይጠመጠማል። ላባው ውሃ ላይ ሲያርፍ ዝንብ ይመስላል። ዓሣው «ምግቤ መጣ» ብሎ ሲጎርሰው መንጠቆው ይይዘዋል።

ታዲያ ላባ ክብደት የለውም። እንዴት ሩቅ ይወረወራል? ምሥጢሩ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ገመዱ ከበድ ይላል። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያወናጭፍ ገመዱ እንደ ጅራፍ በአየር ላይ ይዘረጋል። የቡሄ ዕለት ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልዩነቱ ይህኛው ጅራፍ መጮኽ የለበትም። ላባዋ እንደ እውነተኛ ዝንብ ቀስ ብላ ማረፍ አለባት። አለዚያ ዓሣው ደንግጦ ይሸሻል።

ከመወርወሩ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። አንድ አጥማጅ ዘንጉን አስቀምጦ ከወንዙ ዳር ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ አየን። «ምን ትጠብቃለህ?» አልነው። «አልጠብቅም። ውሃውን እያነበብኩ ነው» አለን።

ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ረገብ ይላል። ዓሣው እዚያ ያርፋል። አፉን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይቆማል። ምግቡን ውሃው ያመጣለታልና። ፀሐይ ሲከርር ወደ ጥላና ወደ ጥልቁ ይገባል። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ይደፈርሳል፤ ዓሣውም ላባዋን አያያትም። ያን ጊዜ አጥማጁ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ውሃ ሳያነብ የሚያጠምድ ሰው ባዶ እጁን ይገባል።

ምንጭ ከየት ይመጣል?

እንዲህ ያለው አጠማመድ በጣም ከታወቀባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በደቡብ እንግሊዝ በብዙ ቦታ ምድሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበትን ጠመኔ ይመስላል። ዝናቡ በዚህ ድንጋይ ላይ አይሮጥም፤ ይሰርጋል። ከወራት በኋላ ተጣርቶ በምንጭ ይወጣል። ቴስት የሚባለው ወንዝ እንዲህ ካለ ምንጭ ስለሚጠጣ ዝናብ በሌለበትም ወር ኩልል ብሎ ይፈስሳል። ትራውትም በውስጡ ይኖራል።

በአገራችንም የኖራ ድንጋይ አለ። ያው የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ከወረደ በኋላ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻውን ቦርቡሮ ያወጣው ራሱ ውሃው ነው። መተላለፊያዎቹ ተደምረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ።

የላስታ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው። ቢሆንም ሥራቸው ይመሳሰላል። ይህም ድንጋይ ስንጥቅ አለው። የክረምቱ ዝናብ በሣሩና በአፈሩ በኩል ሰርጎ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ወደ ታች ሲወርድ ውሃ የማያሳልፍ ድንጋይ ያጋጥመዋል። ያን ጊዜ በጎን ፈልቆ ይወጣል። ምንጭ የምንለው ይህን ነው።

ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ይህን በዓይናችን አይተናል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ያረጁ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ተራራው ያስቀመጠው ዝናብ ነው። ገበሬ እህሉን ጎተራ እንደሚከት፣ ተራራም ዝናቡን ይከታል።

አራቱ ፊደላት

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ አጫወትናቸው። ከዚያ ጅረቷን አብረን አነበብናት። የውሃ ፊደል ብዙ ነው። እኛ አራቱን እንንገራችሁ።

አንደኛው መልኩ ነው። በኅዳር ሁሉም ውሃ ጥሩ ይመስላል። የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ቶሎ የሚጠራ ውሃ በላዩ ሣርና ዛፍ አለው። የጠላ አተላ መስሎ የሚሰነብት ውሃ ግን የሰው እርሻ ተሸክሞ እየሄደ ነው።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። በቀትር እጃችሁን ንከሩበት። እጅ የሚያቆረጥም ከሆነ ከመሬት ሆድ ገና መውጣቱ ነው። ለብ ካለ ግን ጥላ አጥቶ ፀሐይ የመታው ነው።

ሦስተኛው ከድንጋይ ሥር ያለው ነው። ከጅረቷ ያወጣነውን ጠጠር ገለበጥነው። ከጥፍር የምታንስ ፍጥረት ተለጥፋበታለች። ሦስት ቀጫጭን ጅራት አላት። የውሃ ዝንብ ልጅ ናት። በውሃ ውስጥ ለወራት ትኖራለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ዕድሜዋ የሰዓታት፣ ቢበዛ የጥቂት ቀን ነው። የባሌው አጥማጅ በላባ የሚሠራት ይህቺን መሳይ ዝንብ ናት። ውሃ ሲበከል ቀድመው ከሚጠፉት መካከልም ናት።

ሽማግሌው ጠጠሩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ዕድሜ ልኬን ከዚህ ውሃ ጠጥቻለሁ። ይህቺን ጎረቤቴን ግን አላውቃትም ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዝንቧ አለች ማለት ውሃው ለመጠጥ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ዓይን የማያየው በሽታ አምጪ ተሕዋስ ይኖርበታል። የሚጠጣ ውሃ ይፈላ።

አራተኛው ፊደል መጠኑ ነው። ይህ የሚነበበው በልግ በቀረ ዓመት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያ ወቅት የሚፈስ ውሃ ጎተራው ሙሉ ነው።

ይህን ስንል ሽማግሌው ዝም አሉ።

የሽማግሌው ባሕር ዛፍ

ጥቂት ቆይተው «ኑ፣ ላሳያችሁ» አሉን። ወደ ምንጩ ዓይን ወጣን። «ልጅ ሳለሁ በሚያዝያ እዚህ እንስራ ቢያስቀምጡ ወዲያው ይሞላ ነበር። ዛሬ ሴቶቹ በቅል እየጨለፉ ተራ ይጠብቃሉ። የኔ ምራት በሌሊት ተነሥታ ነው የምትመጣው» አሉ።

ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ በረድፍ ቆሟል። የማን እንደሆነ ጠየቅን።

«የኔው ነው። ለክፉ ቀን የተከልኩት ነው። የልጄን ሠርግ የደገስኩት ከዚሁ ቆርጬ ሸጬ ነው። አሁን ሰዎቹ ውሃውን የጠጣው እሱ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ምጣድ ያሰማል፣ ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን ብዙ ውሃ የሚስብ ዛፍ ነው። ከምንጭ አጠገብ መተከል የለበትም። ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። ከዛፉ በላይ ያለው ተዳፋት በበግና በፍየል ተግጦ ራቁቱን ቀርቷል። ራቁት መሬት ላይ ዝናብ አይሰርግም፤ ይሮጣል። ምንጭ ደግሞ የሚኖረው በሰረገው ነው። ያየነውን እንዲሁ ነገርናቸው።

አብሮን የነበረ አንድ ወጣት ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ያንን ትራውት አምጥተን እዚህ ብንለቀውስ?» አለ። እንግዳ ዓሣ በማያውቀው ውሃ ሲለቀቅ በዚያ የነበሩትን ፍጥረታት ሊበላና ሊያጠፋ እንደሚችል ነገርነው። ሽማግሌው ግን ባጭሩ መለሱለት። «እንግዳ የሚጠራው ቤት ያለው ነው። መጀመሪያ ውሃው ይኑር።»

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ተዳፋቱን ከግጦሽ መከልከል፣ ሣሩንም አጭዶ ለከብት ማብላት ነው። እርከን መሥራት፣ ውሃው የሚሰርግበት ቦይ መቆፈር ነው። እንደ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ያለውን የአገር ዛፍ መትከል ነው። ከላይ በአቡነ ዮሴፍ ጓሳና አስታ ያለበት ሥፍራ በማኅበረሰቡ ጥብቅ ሆኗል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ያ ሣር ዝናቡንም ይዞ ያሰርጋል።

ነገሩ የላስታ ሰው ጉዳይ ብቻም አይደለም። የዚህ አገር ውሃ ወርዶ ተከዜ ይገባል። በተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ አለ። ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በሐይቁም ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። ከተዳፋቱ የታጠበው አፈርም እዚያው ሄዶ ይተኛል። የላይኛው ሰው መሬቱን ሲያጣ፣ የታችኛው ሰው ሐይቁ በደለል ይሞላበታል።

ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌው ቁርጣቸውን ነገሩን። «ዛፌን በዚህ በጋ ቆርጬ እሸጠዋለሁ።»

«ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል እኮ» አልናቸው።

«እሱንማ ማን ይነግረኛል! ጉቶውን መንቀል ነው ሥራው። ግን ብቻዬን አልነቅለውም። የበጎቹ ባለቤቶችም ተዳፋቱን ይልቀቁልኝ። እኔ ዛፌን፣ እነሱ ግጦሻቸውን። አለዚያ እኔ ብቻ ደኸየሁ፣ ምንጩም አልተመለሰ።»

ለእሑድ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ሊነጋገሩ ቀጠሮ ይዘዋል። እኛ ከዚያ በፊት ተሰናብተን ወረድን። በጎቹ አሁንም ተዳፋቱ ላይ ነበሩ። ምን እንደተወሰነ ወደፊት ሰምተን እንነግራችኋለን። እውነተኛውን መልስ ግን የምናነበው ከምንጩ ነው፤ እሱም ከስንት ክረምት በኋላ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ ፊደል የቆጠራችሁት ወረቀት ለማንበብ ብቻ አይደለም። እስቲ በየመንደራችሁ ወዳለው ምንጭ ሂዱ። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. የመንደራችሁ ምንጭ በሚያዝያ እንስራ ለመሙላት ምን ያህል ይፈጃል? ካቻምናስ?

2. ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ምን ለብሷል? ሣር፣ ዛፍ ወይስ ምንም?

3. ምንጩን ለማዳን እናንተ ምን ትለቃላችሁ? ጎረቤታችሁስ ምን ይልቀቅ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ከነወሩና ከነዓመቱ በደብተራችሁ ጻፉት። በሚመጣው ዓመት አመሳክራችሁ ታነቡታላችሁ።