ከአረም በኋላ የሚዘራ ዘር

«ማረም» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይዟል። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ መምህርም የተማሪውን ጽሕፈት ያርማል። እንግዲህ ወህኒ ቤት ይባል የነበረው ማረሚያ ቤት ሲባል ሁለቱንም ሥራ ተሸከመ ማለት ነው። አሮጌው ስም ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ለዙፋኑ የሚያሰጉ መሳፍንት ወህኒ በተባለው አምባ ይጋዙ ነበር። የአምባው ተግባር ሰውን ከሰው መለየት ነበር፤ የማረሚያ ቤት ተግባር ግን ሰውን ለሰው መመለስ ነው።

ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ በሚገኘው በአዲ አርቃይ ያደግን ሰዎች ይህ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። ጠብ በወሰን ድንጋይ ይጀመራል፤ በጥይት አበቃ ሲባልም አያበቃም፤ ደም መመለስ የሚሉት ዕዳ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ነፍስ አጥፍቶ የታሰረ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ ሲወጣ የሚገባው ወደ ነጻነት ብቻ አይደለም፤ ከሟች ወገን ጋር በአንድ ገበያና በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወደሚገናኝበት ኑሮም ነው።

ለዚህ ቀን የሚያዘጋጀው ሥነ ሥርዓት የትኛው ነው? ሲጠሩ «አቤት» ማለት፣ በሰዓቱ መሰለፍ፣ ከባልንጀራ አለመጋጨት መልካም ናቸው። ነገር ግን በዘበኛ ፍርሃት ብቻ የቆመ ጠባይ ከዘበኛው ጋር በበሩ ላይ ይቀራል።

አንድ ጎረቤታችን ሲታሰር በጣቱ የሚፈርም ሰው ነበር። ፍርዱ በተነበበለት ቀን ከዚያ ሁሉ ቃል ያስተዋለው የዓመቱን ቍጥር ብቻ እንደ ነበረ አጫውቶናል። በእስር ቤቱ የጎልማሶች ክፍል ገብቶ ፊደል ቈጠረ፤ አስተማሪውም እንደርሱ እስረኛ ነበረ። ማንበብ በቻለ ጊዜ የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ ከቍጥሩ በላይ የተጻፈውን ሁሉ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የሟቹን ልጆች ነገር ያገኘው በዚያ ነው። «ያን ቀን እህል አልቀመስሁም» አለን። ከዚያ በኋላ መውጫው ሳይደርስ ወደ ሟች ቤት ሽማግሌ ላከ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ አመክሮ ሲደነግግ ከዚህ የራቀ አሳብ የለውም። ከቅጣቱ ከሦስት ሁለቱን እጅ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊለቀቅ የሚችለው በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ሲያስመሰክር፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ሲክስ ነው። አንዳንዶች «እስረኛው የሚማረው አመክሮ ለማግኘት ነው» ብለው ይነቅፋሉ። ይሁን፤ ሕፃንም ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄደው ብዙ ጊዜ አለንጋ ፈርቶ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የገባ ፊደል በምን ምክንያት እንደ ገባ አይጠይቅም፤ ሥራውን ይሠራል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸውና ለ27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠሩት ደንቦች ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እስረኞች ትምህርት ግዴታ እንዲሆን ያዛሉ። ደግሞም የእስር ቤት ትምህርት ከአገሪቱ ትምህርት ጋር ተያይዞ፣ የተፈታው ሰው ያለ ችግር እንዲቀጥል ይፈልጋሉ። ይህ ሁለተኛው ቃል በተለይ እኛን፣ በውጭ ያለነውን መምህራንና ሹማምንት ይመለከታል። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ የወጣ ጎልማሳ በወረዳው ትምህርት ቤት የማታ መቀመጫ ካጣ፣ «ይህ እኮ ነፍሰ ገዳይ ነው» ተብሎም ከደጅ ከተመለሰ፣ የሚቀረው ቦታ ጠመንጃው የተሰቀለበት ቤት ነው። አረሙ የተነቀለበት መሬት ዘር ካልተዘራበት መልሶ አረም እንደሚያበቅል የአዲ አርቃይ ገበሬ ከሁላችን ይልቅ ያውቃል።