ማሩን አትደብቁት

ባለፈው ጥር ከራያዋ ሮቢት ስመለስ እናቴ አምስት ኪሎ ማር ከነሰፈፉ በቢጫ ጀሪካን ሞልታ፣ አፉን በላስቲክ አጥብቃ አስራ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከጎኑ አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ አስቀመጠች። «አብሽር ልጄ፣ ከልብሱ መሀል አድርገው፤ ማን ያየዋል?» አለችኝ። እኔም አመንኋት፤ ማመን ፈልጌ ነበር።

ያ ማር እንዲሁ በቀላሉ የመጣ አይደለም። እናቴ ሰባት ቀፎ ነበራት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያ ቆላ ላይ ወርዶ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ ሲጨርሰው፣ አንበጣውን ለመግደል የተረጨው መድኃኒት ንቡንም አልማረም። ጠዋት ተነሥታ ንቦቹ ከየቀፎው ሥር እንደ ገለባ ተከምረው እንዳገኘቻቸው በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ዘንድ ቆቦ ደረሰ፤ ቤቱን ጥላ ወጣች። ስትመለስ ንብ የቀረበት ቀፎ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያች አንዲት መንጋ ተነሥታ ነው ዛሬ አራት ያደረሰችው።

ንቦቿ የሚቀስሙት ገባ ነው፤ ሌላው አገር ቁርቁራ ይለዋል። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ማሽላው መሀል የቆመው ገባ ጥቃቅን አበባውን ሲያወጣ ዛፉ ሙሉ በንብ ድምፅ ይሞላል። ይኸው ዛፍ የመን ውስጥ ሲድር ይባላል፤ የሐድረሞት የሲድር ማር በዓረቡ ዓለም ከውድ ማሮች አንዱ ነው። እኛ ግን የገባን ዛፍ የምናውቀው ልጆች ሆነን ፍሬውን በመልቀም ነው።

ይህን ማር ይዤ አውሮፓ አየር ማረፊያ ስደርስ «የማስመዘግበው የለኝም» በሚለው አረንጓዴ መስመር ወጣሁ። አስቆሙኝ። ሻንጣው ተከፈተ፣ ነጠላው ተፈታ፣ ጀሪካኑም ቅቤውም ተወሰዱ። ዓይኔ እያየ መጣያ ውስጥ ገቡ። የዚያን ቀን ጉምሩኩን ረገምሁ።

ሕጉን ያነበብሁት በኋላ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ መንገደኛ ለራሱ የሚሆን ማር እስከ ሁለት ኪሎ መያዝ ይችላል። ሥጋና የወተት ውጤት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቋንጣው፣ ቅቤው፣ አይቡ ማለት ነው። እኔ የተፈቀደውን ከልክ አሳልፌ፣ ከተከለከለው ጋር አንድ ላይ ደብቄ ሁለቱንም አጣሁ።

አውሮፓውያኑ ማሩን መፍራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ንብ ከአፍሪካ የቀፎ ጥንዚዛ ጋር አብሮ መኖር የለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያ ጥንዚዛ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲገኝ ግን እዚያ ያሉት ንቦች ሊቋቋሙት አልቻሉም፤ ብዙ ንብ አናቢ ቀፎው ባዶ ቀረ። ሰውን የማይጎዳ፣ የንብ ዕጭን ግን የሚገድል ባክቴሪያም ማር ውስጥ ተኝቶ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የሩቅ አገር እናት ቀፎም እንደ እናቴ ቀፎ ነው።

አንድ የጃማይካ ተወላጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሦስት ጠርሙስ ማር ይዞ አሜሪካ ባልቲሞር ሲገባ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ማሩን ፈሳሽ አደንዛዥ ዕፅ ነው አለ። ንጹሕ ማር መሆኑ ተረጋግጦ እስኪፈታ 82 ቀን ታሰረ። እርሱ ምንም ጥፋት የለበትም። ንጹሕ ማር እንኳ ይህን ካመጣ፣ ነጠላ ውስጥ የተደበቀ ጀሪካን ምን እንደሚመስል አስቡት።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለምትሄዱ ወገኖቼ፦ ሰፈፉን ተዉት፣ ወለላውን አስጠልሉ። አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ይሁን፤ ውስጡ ይታይ። እርጥበት የበዛበት ማር መንገድ ላይ ይፈላና ክዳን ይገፋል፤ በደንብ የበሰለውን ምረጡ። ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በአብዛኛው አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ በሚጫነው ሻንጣ አስገቡት። የምትገቡበትን አገር ሕግ ሳትሳፈሩ አንብቡ፤ ሁሉም እንደ አውሮፓ አይደለም። ስትደርሱ ደግሞ «ማር ይዣለሁ» በሉ።

ለመጪው ጥር ሁለት ኪሎ ወለላ አጥልላ እንድትጠብቀኝ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ቅቤውን እዚያው ሮቢት፣ እርስዋ ጋ ተቀምጬ እበላዋለሁ።