በሩ

በእኛ አገር «በር» ሲባል የቤት መዝጊያ ብቻ አይደለም። ተራራው ዝቅ ብሎ መንገደኛ የሚያሳልፍበት ቦታም በር ነው፤ ሰሜን ሸዋ ላይ ጣርማ በር እንደሚባለው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ በልጅነቴ ከአጎቴ በቅሎዎች ኋላ እየተከተልኩ የተሻገርኩት አንድ በር አለ። በዚያ በር የተነሳ ሰው ልገድል ነበር።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ነሐሴ። በሴስና ካራቫን ረዳት አብራሪ ሆኜ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ አቅጣጫ እየበረርን ነበር። በቀጥታ ሲለካ 70 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በስተቀኛችን አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመናው ውስጥ ተሸሽጓል። ፊታችን ያለው ማሳያ ግን ወለል አድርጎ ያሳየናል። ቀይ ማለት ከእኛ በላይ ያለ፣ ወይም ከእግራችን ሥር 100 ጫማ እንኳ የማይርቅ መሬት ነው። ቢጫ ከ100 እስከ 1,000 ጫማ ዝቅ ያለ። ጥቁር ከዚያም በታች ያለ።

ይህ ካርታ በአብዛኛው የመጣው ከሰማይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ የአብዛኛውን ዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለካች። እኔ በእግሬ የማውቀውን ዋግ እሷ ከላይ አወቀችው። ይህ ትንሽ ያናድደኝ ነበር መሰለኝ።

መሣሪያው ድምፅም አለው። ሸለቆ ለሸለቆ ስንበር በየደቂቃው «መሬት! መሬት!» እያለ ሲጮኽብን ካፕቴኑን አስፈቅጄ ድምፁን አፈንኩት። ሁላችንም የምናደርገው ነው።

ደመናው እየወረደ መጣ። እኛም አብረነው ወረድን። ድንገት ሸንተረሩን ለየሁት፤ ግራና ቀኙ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ጠባብ ቢጫ። በሩ!

«ካፕቴን፣ እዚህ ጋ መውጫ አለ። አገሬ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«ጫፉን ታየዋለህ?»

«ደመና ይዞታል። ግን ቢጫ ነው፤ ከእኛ በታች ነው።»

መልስ አልሰጡኝም። ሸለቆው ገና ሰፊ ሳለ ወደ ግራ አዞሩት። ከዞርን በኋላ ነው «ማሳያው አሁን ያለህበትን ከፍታ ያውቃል» ያሉኝ። «ይሄ ሞተር በዚህ ጭነት፣ በዚህ ስስ አየር ምን ያህል እንደሚወጣ አያውቅም። ጠበብ ካለ በኋላ ደግሞ መዞሪያ የለህም።»

ያኔ ነው ማሳያው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያየሁት፤ ድምፁ እንደታፈነ ነው። ከፈትኩት አላልኩም፣ ረሳሁት። በሩን ብንደፍረው ኖሮ የሚጮኽልን አልነበረም።

ላሊበላ ተመልሰን ካረፍን በኋላ የማስበው ስለ ሚኪ ሌላንድ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲሄድ የተሳፈረባት ትዊን ኦተር ከተራራ ጋር ተጋጨች፤ ውስጧ የነበሩት 16ቱም ሰዎች አለቁ። ስብርባሪዋ የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ማሳያ አልነበረም። እኛ ነበረን፤ አፉን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ክረምት እናቴን ልጠይቅ ሰቆጣ ስገባ አጎቴን በሩ ድረስ አብረን እንሂድ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አርጅቷል፣ ግን ከእኔ ይፈጥናል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጭጋግ መጣና በሩን ሸፈነው። እኔ መራመዴን ቀጠልኩ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔስ አላውቀውም?» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጭጋግ ሲይዘው አይታለፍም። ሁልጊዜ እኮ እዚህ ቁጭ ብለን ነበር የምንጠብቀው፤ አንተ ትተኛ ነበር።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስኪገልጥ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ።