ጠዋት የእማየ፣ ከሰዓት የአባየ

በዚህ ዓመት ዶርማችን ውስጥ ከፈተና ቀጥሎ ብዙ የተወራበት ጉዳይ ቢኖር «መገጣጠም» የሚባለው ነው። አንዷ ጓደኛችን ከፍቅረኛዋ ጋር ለእረፍት ሐዋሳ ሄደው ተኳርፈው ተመለሱ። እሱ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መዋል ይፈልጋል፤ እሷ ገበያ ለገበያ መዞር። በቃ! የዶርማችን ሸንጎ ተሰበሰበና ውሳኔ አሳለፈ። «የሚወዱት ነገር የማይመሳሰል ሰዎች አብረው መንገድ አይውጡ፤ መንገድ የማያወጣቸው ደግሞ ትዳርም አያወጣቸው» ተባለ። እኔ ግን በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ አለኝ። ምስክሮቼም እናትና አባቴ ናቸው።

እኛ የአማኑኤል ሰዎች ነን። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ደምበጫ ሳይደረስ የምትገኝ የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። ብዙው መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። አባየ እዚያ ወፍጮ ቤት አለው። ሞተር፣ ብረት፣ ድልድይ፣ ግድብ፣ ብቻ የሚዞርና የሚሸከም ነገር ሁሉ ነፍሱ ነው። እማየ ደግሞ ገዳም፣ ጸበል፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የነገሥታት ታሪክ ከተነሳ ምሳዋን ትረሳለች። አባየ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም ማለቴ አይደለም፤ ይሳለማል። ግን ከተሳለመ በኋላ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ነው። እማየም ብትሆን ከወፍጮ የምታውቀው ዱቄቱን ብቻ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ሁለቱ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ወረዱ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ቤት ቀርቼ ነው ታሪኩን የሰማሁት። የዓባይ በረሃ ላይ ሲደርሱ አባየ የሕዳሴ ድልድይን ሊያሳያት እማየን ቀሰቀሳት። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በገመድ የተያዘ ድልድይ ነው። «ተወኝ እባክህ፣ በረሃው ራሴን አዙሮኛል» አለችው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም የወፍጮ መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶን ከሱቅ ሱቅ ይዟት ዞረ። እግሯ አብጦ ገባች። በመልስ ጉዞ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነና ደብረ ሊባኖስ ገዳም ወረዱ። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሳለም እሱ ዛፍ ሥር ኮቱን አንጥፎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቃት። ከዚያ እስከ አማኑኤል ቃል አልተለዋወጡም። እቤት እንደገቡም አባየ «ሁለተኛ ከእናታችሁ ጋር መንገድ አልወጣም፤ ማርያምን!» አለ።

እውነትም አልወጣም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲኖር አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ቤት ይጠብቃል። ጎረቤት «እንዴት ነው ነገሩ?» ማለት ጀምሮ ነበር። እኔም እህቶቼም ዝም ብለን እንፈራ ነበር።

የሚያንገበግበው ምን መሰላችሁ? ደብረ ሊባኖስ አጠገብ፣ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ፣ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው የቆየ የድንጋይ ድልድይ አለ። አባየ ዛፍ ሥር ሲያዛጋ በዋለበት ቀን ነፍሱ የሚወደው ነገር ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር! ይህን የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እህል ሊያስፈጭ ከመጣ አንድ ሾፌር ነው። እማየ ቦታውን ለሚያውቁት መነኮሳት «ለባለቤቴ የሚሆን ምን አለ?» ብላ አልጠየቀችለትም። እሱም አልጠየቀም፤ ተኳርፈዋላ!

በጥር 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እህቴ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ስለሆነ አንዱ ሄዶ አንዱ የሚቀርበት መንገድ አልነበረም። በዚያ ላይ እማየ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ስለት ነበረባት። እኔ ቅቤና ዱቄት ተሸካሚ ሆኜ ተጨመርኩ። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን ስናልፍ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ነበር። አንድ ወገን ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ወገን የመኪናው ማርሽ ላይ ሂስ!

እህቴ አራስ ቤት ሆና ሕግ አወጣች። «ጠዋት የእማየ፣ ከሰዓት የአባየ። ያልፈለገ አይሄድም። የሄደ ግን ማታ ያየውን ለሌላው ይናገራል» አለች። ገንዘቡንም ቆጥራ ለያንዳንዳቸው 500 ብር ሰጠቻቸውና «በምን አጠፋኸው፣ በምን አጠፋሽው የለም» ብላ ዘጋችው። እማየ ጧፍና ዕጣን ብትገዛ፣ አባየ ብሎንና ኩሽኔታ ቢገዛ ማንም አይጠይቅም። እናንተ፣ የአራስ ቁጣ መቼም ይከበራል።

እህቴ ትንሽ ጠና ስትል የእማየ ጠዋት ደረሰ፤ በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት። አባየ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን የጀልባውን ሞተር ለማየት ሲል መጣ። መጀመሪያ የደረስነው ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት አይገባበትም። ሴቶች የሚሳለሙት አጠገቡ ባለችው ደሴት፣ እንጦስ ኢየሱስ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሙሉ ዕድሜዋን ስለዚህ ገዳም ስትሰማ የኖረችው እማየ ውጪ ቀረች፤ ግድ የሌለው አባየ ይገባል። እማየ ነጠላዋን አስተካክላ ለአፍታ ዝም አለችና፣

«በል አንተ ግባልኝ። ግን አይተህ ና!» አለችው።

ገብቶ ቆይቶ ተመለሰ። «እህስ፣ እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው።»

«ደህና ነው ምን ማለት ነው? በሽተኛ ልትጠይቅ ነው እንዴ የላክሁህ?»

ጀልባው ሳቀ። አባየ ያኔ ነው ነገሩ የገባው። የምትጠይቀው በእሱ ዓይን ልታይ እንጂ ልትፈትነው አልነበረም። ቁጭ ብሎ ይነግራት ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ መሆኑን፣ ዓምዶቹ የጣሪያውን ክብደት እንዴት እንደተካፈሉት፣ በሩ ከምን ያህል ወፍራም ሳንቃ እንደተሠራ፣ ማጠፊያው እንዴት እንደሚዞር… «ሥዕሉስ?» ስትለው «ሥዕሉን ማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ፈረሱ ነጭ ነው፣ ከሥር የተጋደመ አለ» አለ። እማየ «ጊዮርጊስ ነዋ!» ብላ ታሪኩን ተቀበለችው። ዘጌ እስክንደርስ እሱ እንጨቱንና ድንጋዩን፣ እሷ ቅዱሳኑን እያወሩ ሄዱ። «ቤተ ክርስቲያኑን ወፍጮ ቤት አደረግኸው እኮ!» ብትለውም ስትስቅ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስለቷን ስታስገባ አባየ ራሱ ነው ጧፉን የያዘላት።

በማግስቱ ከሰዓት አባየ ወደ ድልድዩ ሊሄድ ሲነሳ እማየ ማንም ሳይጠራት ጫማዋን አደረገች። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር። ከሩቅ ቆመን አየነው። «መሃል ላይ ማን ይዞት ነው የማይወድቀው?» አለችው። አባየ በደስታ ቃል አነሰው። ነጠላዋን ጫፍና ጫፍ አስይዞን ገመድ እንዴት ክብደት እንደሚሸከም አሳያት። ከዚያ እሷ «እነዚያ ሁሉ ሠራተኞች ምሳቸውን የት ይበላሉ?» አለች። አባየ ያንን ሁሉ ብረት ሲያይ ሰዎቹን ልብ አላላቸውም ነበር። ሄዶ አንዱን ጥበቃ ጠየቀ። እኔ ጋዜጠኝነትን የመረጥኩት በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን አልረሳኋትም።

ሦስተኛው ቀን ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። እማየ ፏፏቴውን ስታይ ፊቷ ቅር አለው። «ጢሱ የታለ? ውኃው የት ሄደ?» አለች። አባየ ትንሽ አመነታና «ወደኔ ነዋ» አላት። እውነቱን ነው። ከዓባይ የሚጠለፈው ውኃ እዚያው ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይውላል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም ውኃውን የሚስበው ከጣና ነው። አንዳቸው የሚወዱትን ነገር የሌላው የሚወደው ነገር አሳንሶታል። አባየ መብራት ባይኖር የልጆቻችን ትምህርት ምን ይሆን ነበር ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር፤ እሷም ልትወቅሰው ትችል ነበር። እሱ ግን «በክረምት አምጥቼ አሳይሻለሁ» ብቻ አላት። እሷም «እህ» አለች።

ከዚያ ተለያዩ። እሷ ፏፏቴው ዘንድ ቀረች፣ እሱ ወደ አላታ ድልድይ ተመለሰ። «እሰዓቱ ድልድዩ ላይ እንገናኝ» ተባባሉ። አላታ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ስንደርስ አባየ ጎንበስ ብሎ ቅስቱን ያያል። «አራት መቶ ዓመት! ብረት የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ይህን ያሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ። እማየ ዕድሏን አገኘች። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት እንደተቀበለ፣ አገሩ እንዴት እንደተፋጀ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል እንደለቀቀ፣ ፋሲልም የቀደመውን እምነት እንደመለሰ ድልድዩ ላይ ተቀምጣ ተረከችለት። ድልድዩን እሱ ያውቀዋል፤ ያሠራውን ሰው እሷ ታውቀዋለች። አባየ ወደ ገዳም ሰው አልተለወጠም፤ እማየም መሐንዲስ አልሆነችም። ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቢመጣ ግማሹን ድልድይ ብቻ ነበር የሚያየው።

ይህ የእኛ ቤት ተአምር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎዶር ቤንት የሚባል እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ከሜብል ጋር እስከ አክሱም መጥቶ ነበር። እሱ የጥንት ሐውልትና ጽሑፍ ወዳጅ ነው። እሷ ደግሞ ፎቶ ታነሳለች፣ የዕለት ውሎ ማስታወሻ ትጽፋለች። እሱ በዚያው ዓመት ስለ አክሱም መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ባልየው ድንጋዩን፣ ሚስትየው ካሜራዋን ይዘው አንድ መንገድ ተጓዙ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አጭር ነው። ሰው አብሮ ለመጓዝ አንድ ነገር መውደድ የለበትም። በግድ መጎተትም አያስፈልግም፤ መለያየት የሚገባው ሰዓት ላይ መለያየት ኩርፊያ አይደለም። የሚያስፈልገው የቀጠሮ ሰዓት፣ እኩል የተከፈለ ገንዘብና ማታ ላይ «ምን አየህ?» የሚል ሰው ነው። ይህች ጥያቄ ደግሞ የእኛ የዲፓርትመንቱ ልጆች እንጀራ ናት። የማንወደውን የስፖርት ዜና፣ የማይገባንን የበጀት ስብሰባ ሄደን ላልሄደው ሰው እንድናሳይ አይደል የምንማረው? «ደህና ነው» ብሎ የተመለሰ ዘጋቢ አዘጋጁ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ።

አባየ የክረምቱን ቃል አልፈጸመም። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ሁለቱ ከአማኑኤል ርቀው አልሄዱም። ግን በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዳሩ ድልድይ ሲመረቅ እማየ ናት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሮጠችው። «ና እንጂ፣ ድልድያችን ተመረቀ!» አለችው። «ድልድይህ» አላለችም።

የራሴንም ልናገርና ላብቃ። ዶርማችን በስም ሳይጠራ «አይገጣጠሙም» ብሎ ከፈረደባቸው ሰዎች መካከል እኔና አንድ ልጅ አለንበት። እሱ ኳስ ነው፣ እኔ አሮጌ መጽሐፍ ተራ ነኝ። እናቱም «ይቺ ልጅ ከአንተ ጋር ምን ታወራለች?» ብለውታል አሉ። እስከ አምና ድረስ እኔም ይህ ነገር ያሳስበኝ ነበር። አሁን ግን መጽሐፍ እንዲወድልኝ አልጠብቅም። ኳሱም አልገባኝም፤ ሊገባኝም አይችልም መሰል። ባለፈው ቅዳሜ እሱ ስታዲየም፣ እኔ መጽሐፍ ተራ ዋልን። ማታ ሻይ ቤት ስንገናኝ ገና ሳይቀመጥ «እሺ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

የእናንተን አላውቅም፤ እኔ ይግባኜ የጸናልኝ ይመስለኛል። ቸር እንሰንብት።